እንዲጠቁር የተመኘሁት ሻይ

በደርግ ዘመን አባቴ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። ከከተማችን ወጣ ብለው ባሉት ኡኬም ይሁን ጉቴ፣ አዲስ ጉድጓድ ውሃ ባወጣ ቁጥር ማታ አንድ ጠርሙስ ይዞ ይገባል። እናቴ ወዲያው ሻይ ታፈላበታለች። ሻዩ ቀይ ከሆነ ውሃው ጥሩ ነው፤ ከጠቆረ ብረት አለበት። የቀበሌ ስኳራችን ለዚህ ምርመራ ሲያልቅ እናቴ ታጉረመርማለች፤ እኔና ወንድሜ ግን ብርጭቆው ላይ ተደፍተን እንከራከራለን። እንደዚያ የሚጣፍጥ ሻይ ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም።

አንድ ቀን ሰሜን ሄዶ ለጦር ሰፈር ውሃ እንዲቆፍር ታዘዘ። ሲሰናበተን «የምጠጣውን ውሃ እልክላችኋለሁ፤ እኔ እዚያ እንደማፈላበት እናንተም ሻይ አፍሉበት» አለን። «ቀይ ከሆነ እናንተን ወደዚያ አስመጣችኋለሁ። ከጠቆረ ግን እኔው እንደምንም ብዬ እመለሳለሁ።»

እናቴ የትም ይሁን ከእሱ ጋር መኖር ነበር የፈለገችው። እኔ ደግሞ ሰፈራችን ቡርቃ ጃቶ፣ እቤታችን እንዲመለስልኝ። ማታ ማታ «ጌታ ሆይ፣ አጥቁረው» ብዬ እጸልይ ነበር።

ጠርሙሱ ከሾፌር ሾፌር ሲቀባበሉት ከርሞ ክረምቱ ሲወጣ ደረሰ። ያመጣው ሰው አባቴን አያውቀውም። «አካም ጂርቱ? እንዴት ነዎት? ከባለቤትዎ ነው አሉኝ» ብሎ ለእናቴ ሰጥቷት ሄደ።

ጠርሙሱ ሥር ቡናማ ዝቃጭ ተኝቷል። እናቴ ውሃውን በነጠላዋ ጫፍ አጥልላ ጣደችው፤ ዝቃጩን ደጅ ደፋችው። ሻዩ ጥርት ያለ ቀይ ሆነ።

«ቢሻን ጋሪዳ! ጥሩ ውሃ ነው!» ብላ እልል አለች። እኔ አለቀስኩ።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? አባትሽ ሊወስደን ነው እኮ!» አለችኝና ዕቃ መሸከፍ ጀመረች።

እስኪጠራን ጠበቅን። አልጠራንም። ደርግ ወደቀ፤ እሱም አልመጣም፤ የት እንደቀረ የሚነግረን ጠፋ።

ዛሬ እንጀራዬ ውሃ ውስጥ ያለ ብረትን ማግኘት ነው። ሰው ለዚሁ ብሎ የሠራው፣ የሚያበራ ፕሮቲን አለ፤ ብረት ሲይዘው ብርሃኑ ይደበዝዛል። ለእኔ የእናቴ ሻይ ነው፣ ዋጋው ተወደደ እንጂ። ይህን ስማር ነው ያወቅኩት፦ የጉድጓድ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ሲከርም ብረቱ ዝጎ ከሥር ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ይጠራል። የኡኬና የጉቴ ውሃ በዕለቱ ስለሚፈላ ይህን አባቴም እኛም አይተን አናውቅም።

ስንት ዓመት ተቀይሜዋለሁ! እኛን ሊወስድ እንጂ ወደ እኔ ሊመለስ አላሰበም ብዬ። ለካ መልሱ ደጅ የተደፋው ነበር። አባዬ ሊመጣ ነበር።