ፈረስ የሌለው ኢፖድሮም

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም፤ ስለ ፍየልና ስለ ፓስታ ነው። ግን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኜ ያነበብኩት ነገር በሰው ሕይወት ላይ ለውጥ ሲያመጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ስለሆነ ልሞክር።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ያን ሰሞን ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ የጭነት ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ሹፌሮቹ መሰልቸታቸውን ለመርሳት ከመኪኖቹ ጀርባ ፍየል ማሽቀዳደም ጀመሩ። ፍየሎቹ ትንሽ ይሮጡና ካርቶን ሲያገኙ ቆመው ይበላሉ። ውድድሩ እስከ ማታ ሊቆይ ይችላል።

አባቴ ቦታውን «ኢፖድሮም»፣ የፈረስ መሽቀዳደሚያ ሜዳ፣ አለው፤ ፈረንሳይኛ ጣል ማድረግ ይወዳል። ጃንሜዳ አካባቢ ያደገው ጓደኛው ግን አልተዋጠለትም።

«የምን ኢፖድሮም? ጃንሜዳ በለው!»

«ጃንሜዳማ አዲስ አበባ ነው።»

«የአንተስ ፈረስ የት አለ?»

ነገሩ ከረረና የማን ስም ትክክል እንደሆነ ተወራረዱ። የተሸነፈው፣ ሁለቱም ጭነው እስኪወጡ ድረስ ለሰልፈኛው ሁሉ ምሳ ያበስላል። አባቴ የሚሠራው ፓስታ ብቻ ነው፤ እሱንም አይችልበትም። ስለዚህ እንዳይሸነፍ ከልቤ ፈልጌ ነበር። ዳኛ ያደረጉት ደግሞ እኔን ነው።

አንብቤ፣ ተዘጋጅቼ፣ ጅቡቲ ከተማ ካለው ሰፈራችን ከካርቲየ 3 በአውቶቡስ ሄድኩ። ሹፌሮቹ ጎማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«ኢፖድሮም ከግሪክ የመጣ ቃል ነው» አልኩ። «ሂፖስ ፈረስ፣ ድሮሞስ የሩጫ ቦታ።»

«ሰማህ? ፈረስ!» ብሎ ጓደኛው አጨበጨበ።

«ጋሼ፣ አልጨረስኩም። ጃን ደግሞ የድሮ የንጉሥ መጠሪያ ነው ይላሉ። ጃንሜዳ የንጉሥ ሜዳ ማለት ነው፤ ፈረስ ቢሮጥበትም ስሙ ውስጥ ፈረስ የለም።»

«ሰማህ? ንጉሥ!» አለ አባቴ። «ንጉሡ ማነው? አንተ ነህ?»

«እንግዲህ» አልኩ፣ ሁለቱንም ለማስደሰት ፈገግ ብዬ፣ «እዚህ ፈረስም ንጉሥም ስለሌለ ሁለቱም ስሞች እኩል ናቸው። ማንም አልተሸነፈም።»

ከኋላ አንድ ሹፌር ብድግ አለ። «እንዴት አልተሸነፈም? ሁለቱም ተሸንፈዋል!»

ሰልፈኛው በጩኸት አጸደቀው። አባቴ አየኝ። «ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» አለ፣ ድስት ፍለጋ እየተነሳ።

የአባቴ ፓስታ በቢላዋ ይቆረጥ ነበር። የጓደኛው ሩዝ በማንኪያ ይጠጣ ነበር። ለዳኛዋ ከሁለቱም ይቀርብላታል፤ እምቢ ማለት አልተፈቀደላትም። ሁለቱ መኪኖች ጭነው የወጡት፣ ምሳውም ያበቃው፣ መጋቢት 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው።