የደሳለው ካብ

ውባንተ ከአረብ አገር ተመልሳ፣ ከጋፋት በላይ ካለው የአባቷ ማሳ ድርሻዋን ስትረከብ፣ ታላቅ ወንድሟ ደሳለው «ሪያል የለመደ እጅ ጭቃ ሊነካ ነው?» ብሎ ሳቀባት። እሱ ደብረ ታቦር ጫማውን እያስጠረገ ከመዋል ሌላ ሙያ አልነበረውም።

አባታቸው በየበጋው ድንጋይ ተሸክመው፣ ቁልቁለቱን በካብ እርከን አድርገው አፈሩን ያቆዩ ሰው ነበሩ። ደሳለው በድርሻው ላይ አንዲት ጠጠር ሳይጨምር ኖሮ፣ አንድ ቀን «ቅርስ» የምትል ቃል ከከተማ ይዞ መጣ። እርከን ለሚጎበኙ እንግዶች ማረፊያ ሊሠራ ተነሣ፤ ድንጋይ ከሩቅ ማስመጣት ስለታከተው ግን የራሱን ካብ እያፈረሰ ግድግዳ አቆመ። ውባንተ ከድንበሯ ቆማ አየችውና የራሷን ካብ መጠገኗን ቀጠለች።

ክረምቱ የደሳለውን አፈር ጠርጎ ወንዝ ከተተው። በጥቅምት እንግዶች መጥተው፣ ጀርባቸውን በግድግዳው አሳርፈው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። የእህቱን እርከን አደነቁና «የእርስዎስ የታለ?» ብለው ጠየቁት።

ከድንበሩ ማዶ ታጭድ የነበረችው ውባንተ ማጭዷን እንደያዘች ቀና አለች።

«ተደግፋችሁታል» አለችና ወደ ገብሷ ተመለሰች።