ምላጭ ያልነካው ፀጉር

ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ሚዶ በአውራ ጣት ጥፍር ሲጎተት ክርርር ይላል። ሱቄ የሚመጡ እናቶች ከመግዛታቸው በፊት እንዲህ ይሞክሩታል። ሲጠይቁኝ ደግሞ በሹክሹክታ ነው። «ያ... ቀጭኑ ሚዶ አለ?» ትላለች አንዷ፣ ዞር ዞር ብላ እያየች። ልጇ ላይ ቅማል ተገኝቶ ከትምህርት ቤት ተደውሎላታል ማለት ነው። የሚያፍር ገዢ ዋጋ አይከራከርም፤ እኔም በዚህ አፍሬ አላውቅም። ያቺን ክርርር ስሰማ ግን ዕቃ መደርደሩን ትቼ እቀመጣለሁ፤ መልሼ እነሳለሁ።

ይኸውልህ፣ አንደኛ ክፍል ነበርን፣ እዚሁ አርብ ገበያ ከተማ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ በከተማው ካሉት ጥቂት የሙስሊም ቤቶች አንዱ የእኛ ነው። አንድ ዴስክ የምንጋራው ልጅ ከገጠር ነበር የሚመጣው፤ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ። እናቱ ሁለት ልጅ ቀብራ ነው እሱን ያገኘችው። ስለዚህ ተስላለች፤ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ምላጭ ላታስነካው፣ ሲሞላው በአካባቢያችን ወዳለችው ቤተ ልሔም ማርያም ወስዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ልታስላጨው፣ ፀጉሩንም እዚያው ልትሰጥ። ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር።

አንድ ሰኞ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ መምህራችን አሰልፎን፣ በእስክሪብቶ ጫፍ ፀጉራችንን እየገለጠ ያይ ጀመር። እኔ ዘንድ ሲደርስ ሻሼን አይቶ አለፈኝ። ለሃይማኖቴ ክብር ብሎ ነው፤ ቅማሎቼም አብረውኝ ተከበሩ። ጓደኛዬ ግን ተያዘ። የተያዘ ደግሞ ተላጭቶ ካልመጣ ክፍል አይገባም።

በማግስቱ እናቱ ነጠላዋን አደግድጋ መጣች።

«የኔ ጌታ፣ ፀጉሩ የእኔ አይደለም፤ የእመቤቴ የማርያም ነው» አለችው መምህሩን።

«ቅማሉስ የማን ነው፣ እናቴ?»

ሰልፉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ቅማሉማ የትምህርት ቤቱ ነው። ከቤቴ ሲወጣ ንጹሕ ነበር።»

እውነቷን ነበር። ሻሼን ጠበቅ አደረግሁ።

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጣት። ቤት ሲገባ ቅቤ ቀብታ ትለቅመዋለች፤ ጠዋት መጥቶ ከእኔ ጋር ራስ ለራስ ገጥመን አንድ መጽሐፍ እናነባለን። እሷ ታራግፋለች፣ እኔ እተካለሁ። እንዲህ ያለ የማያልቅ ንግድ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ሐሙስ ሲታይ ያው ነው።

«ሰኞ ተላጭቶ ይምጣ፤ አለዚያ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ» አለ መምህሩ።

መቀመጥ አቃተኝ። ከእኔ ነው ብል እኔ እላጫለሁ፤ ዝም ብል እሱ ይባረራል። ሁለታችንም ሳንጎዳ የምንወጣበት ቀዳዳ አይጠፋም ብዬ ማሰብ ያኔም ልማዴ ነበር።

አርብ እናቱ ገብስ ይዛ ገበያ ወጣች፤ እሱን እኛ ሱቅ ደጅ ትታው ሄደች። አባቴ ለጁምዓ ሶላት ሲወጣ መቀሱን አነሳሁ።

«ስለቱ የእናትህ ነው፤ እኔ አልተሳልኩም» አልኩት። «ደግሞ የተባለው ምላጭ ነው፤ ይሄ መቀስ ነው።»

ብዙ አሰበ። «አልሞትም?»

«ፀጉሩን ተቆርጦ የሞተ አይተሃል?»

«ጆሮዬን ግን እንዳትነኪ።»

የልብስ ሰፊ መቀስ ከባድ ነው፤ በሁለት እጄ ይዤ ቆረጥኩለት፣ አይጥ የበላው ጆንያ አስመሰልኩት። የወደቀውን ፀጉር ደግሞ እናቴ እንዳስተማረችኝ አደረግሁ፤ ቅማል ያለበት ነገር ይቃጠላል። የአባቴን የከሰል ካውያ ከፍቼ ፍሙ ላይ ጨመርኩት። ሽታው ተሰፍቶ የተሰቀለውን ልብስ ሁሉ ያዘው። ልጁ «ነፋስ ገባኝ!» እያለ አንገቱን ይዳስሳል፣ ይስቃል።

እናቱ ባዶ ስልቻዋን ይዛ ተመለሰች። ልጇን ስታይ ስልቻው ከእጇ ወደቀ።

«ፀጉሩስ?» አለች። «በይ ፀጉሩን ስጪኝ። ቀኑ ሳይደርስ ቢቆረጥም ወስጄ ምሕረት እለምንበታለሁ።»

ካውያውን አሳየኋት።

አባቴ ሲመለስ ነገሩን ከፊቷ አነበበው። «እህቴ፣ ልጅ ናት፣ አላወቀችም። ያልሽኝን ልካስ።»

«አንተ ምን አድርገህ ትክሰኛለህ፣ ወንድሜ? ለእመቤቴ የምሰጣት ጠፋ። እንግዲህ የቀረኝ ልጁ ራሱ ነው። ቤተ ልሔም ከካህናቱ ዘንድ ላስገባው፣ እዚያው ይማር። እሷው በሕይወት ታቆይልኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ነይ እስቲ፣ አንቺ።»

በጥፊ የምትለኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፍኜ ቀረብኩ። ቁጭ ብላ ጉልበቶቿ መካከል አስገባችኝና ሻሼን ፈታች። እጇ የገብስ አቧራ ይሸታል። ጥቂት ከዳበሰች በኋላ ጣቶቿ ቆሙ።

«መጀመሪያ እኔ ላይ ነበር» አልኩ።

ከዚያ በጥፍሮቿ መካከል ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ደግሞ ቀጭ። «አንገትሽን አታወዛውዢ» አለችኝ። ገበያው እስኪበተን ለቀመችልኝ። ልጁ እግሯ ሥር ተቀምጦ ጭራሮ ይሰብር ነበር፤ እሷም ተነስታ ይዛው መሄዱን የፈለገችው አይመስልም።

ሰኞ አልመጣም። ከዚያም ወዲህ አልመጣም።

ዛሬ ከቤተ ልሔም የሚመጡ ቄሶች ለጥምጥም ነጭ ጨርቅ ከእኔ ይገዛሉ። አንዳቸውን ብጠይቅ ይነግሩኛል፤ ያ ልጅ አደገ? ቀሰሰ? ወይስ...? የሰው ወሬ ሳልጠይቅ ውዬ የማላውቅ ሴት፣ ይህን አንድ ነገር አልጠየቅሁም። ካልጠየቅሁ በሕይወት አለ። ጨርቁን ግን ሁልጊዜ ከልኩ ስንዝር አስረዝሜ እቆርጥላቸዋለሁ። የተሳሳትኩ መስሏቸው፣ ምንም ሳይሉ አጣጥፈው ይዘውት ይሄዳሉ።