ቆሜ ያረዳሁት መርዶ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ገልጬ አላውቅም። ለእርስዎ፣ ለማያውቁኝ አንባቢ፣ የምነግርዎ ድፍረት አግኝቼ አይደለም፤ ነገሩን ብቻዬን ሳገላብጠው ከዓመት ዓመት ይበልጥ እየተምታታብኝ ስለ ሄደ ነው።

አዳማ ውስጥ የአንድ አረጋውያን መጦሪያ አስተዳዳሪ ነበርኩ። የተንከባካቢዎችን መመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከገላ መታጠቢያው ውሃ ሙቀት እስከ አንሶላው አነጣጠፍ ድረስ ያልደነገግኩት አልነበረም። አንዱ አንቀጽ፣ «ተንከባካቢ ለአረጋዊ እውነት ያልሆነ ነገር አይናገርም» ይላል። ዛሬም ሳስበው ስሕተቱ የቱ ላይ እንደሆነ አይታየኝም። ታዲያ ለምን ያሳፍረኛል?

ከአቦምሳ የመጡ ወይዘሮ የሺ የሚባሉ እናት ነበሩን። አንድያ ልጃቸው አልማዝ እርሳቸው መጦሪያው ከገቡ በኋላ ሞተች። ዘመዶቻቸው፣ «ለፋሲካ ተሰብስበን መጥተን እናረዳቸዋለን፤ እስከዚያ እንዳይሰሙ አደራ» አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። በዚህ መካከል ወይዘሮ የሺ ተንከባካቢያቸውን ጫልቱን «አልማዝ» እያሉ ይጠሯት ጀመር። እርሷም «አቤት፣ እማዬ» ትላለች። ከእርሷ እጅ ካልሆነ ምግብ አይቀምሱም።

ጫልቱን ቢሮ አስጠርቼ፣ «ልጅዎ አይደለሁም በያቸው» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ ስሜን ቢቀይሩት ምኔ ይጎድላል? ብቻ ምሳቸውን ይብሉልኝ» አለችኝ።

አንቀጹን አስነበብኳት። ከዚያም ራሴ ፊት ፊት እየሄድኩ ክፍላቸው ወሰድኳት። ማንም አላስገደደኝም፤ እኔ ነኝ የወሰድኳት።

ጫልቱ እያለቀሰች ተናገረች። ወይዘሮ የሺ ሳቁ፤ «አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ነካሽ?» አሏት። እንባዋን ሲያዩ ግን ወደ እኔ ዞሩ፤ «የእኔዋስ የት ናት?» አሉኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። «ዘመዶችዎ ይመጣሉ» ማለት እችል ነበር። «አልማዝ ሞታለች» አልኳቸው። ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ደግፎ የሚይዛቸው ሰው አጠገባቸው ሳይቀመጥ፣ የምሳ ሳህናቸው ከፊታቸው ሳይነሳ፣ እኔ ቆሜ አረዳኋቸው። አደራ የበላሁት እኔ ነኝ።

አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እሱንማ አውቄዋለሁ፤ ለእናት ይህ ይጠፋታል? ይቺ ልጅ እማዬ ስትለኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር። እሷን ለምን ወሰድክብኝ?» አሉኝ። ቀጥለውም ወደ ጫልቱ ዞረው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ፣ አስቸገርኩዎት» አሏት። ልጅቷን እንደ ባዕድ ሰው አንቱ አሏት። እስኪሞቱም ድረስ አንቺ ብለው አልጠሯትም።

በእርግጥ ያውቁ ነበር? ወይስ በእኔ ፊት ላለመሰበር ያሉት ነው? የሚያውቁ ከነበሩ፣ አውቀው የመረጧትን ልጅ ነጠቅኳቸው። የማያውቁ ከነበሩ፣ መርዶውን እንደ ቢሮ ማስታወቂያ አነበብኩላቸው። ጠዋት አንዱን አምናለሁ፤ ከሰዓት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ወደ ቤቴ ስመለስ ሌላውን። ሰው ስሙን ለማያውቀው በደል እንዴት ይናዘዛል?

ስለዚህ ሁለቱንም ይቁጠሩብኝ። መመሪያው አዘዘኝ እንዳልል ጸሐፊው እኔ ነኝ። ጫልቱ ዛሬም እዚሁ አዳማ ውስጥ ናት፤ ቤቷን አውቀዋለሁ። እስካሁን በሯን አላንኳኳሁም። እርሷ ፊት ሳልቆም እርስዎን ይማሩኝ ማለት አይገባኝም፤ አልልዎትምም።