ቢጫው ቅርጫት የተመዘነበት ቀን

ይህን ታሪክ ላልጽፈው ጥቂት ነበር የቀረኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ አንዴ ከመጻሕፍት የለቀምሁትን ብቻ ስለ ደረደርሁ፣ ሁለቴ ደግሞ የሴትዮዋን ሳቅ በወረቀት ላይ ማስቀመጥ ስላቃተኝ። አሁንም እንደሚገባው መጻፌን እጠራጠራለሁ። ነገር ግን ያየ ሰው ዝም ሲል ያላየው አሳምሮ ያወራል።

ተማሪዎቿ «እትዬ ጓንት» ይሏታል። ሃያ ዓመት በነርስነት ከሠራች በኋላ የጤና ኮሌጁ የልምምድ ክፍል ረዳት ሆነች። ለመለማመጃ የተሠሩትን የጎማ በሽተኞች አልጋ ታነጥፋለች፣ ፋሻና መርፌ ታድላለች፣ እያንዳንዱ ተማሪ ስንት ጓንት እንደ ፈጀም በሰሌዳው ጥግ ትጽፋለች። ቅጽል ስሟን በሰማች ጊዜ «ተመስገን ነው! መርፌ ብትሉኝስ ኖሮ?» ብላ ከተማሪዎቹ በላይ ሳቀች።

ነገሩ የተጀመረው ከታላቅ ወንድሟ ሳል ነው። ወንድሟ በሆስፒታሉ ጓሮ ያለውን የቆሻሻ ማቃጠያ ምድጃ ያነዳል። የምድጃው ጭስ አጥሩን ተሻግሮ እነሱ በሚኖሩበት ሰፈር ላይ ይተኛል፤ ከሰፈሩም ደረታቸው የሚያፏጭ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ወደዚያው ሆስፒታል ይመጣሉ። «በፊት በር እያከምን በጓሮ በር እናሳምማለን» ትል ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘችም። ብላ ብላ በመጨረሻ ዲኑን አሳመነችው። የሰውና የምድር ጤና የማይነጣጠሉ መሆናቸውን የሚያሳይ ትምህርት፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ለአንድ መንፈቀ ዓመት ለሙከራ ተፈቀደላት። በመጨረሻው ሐሙስ የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴው ሰብሳቢ መጥተው ያያሉ፤ ካልወደዱት ይሰረዛል።

የመጀመሪያውን ሐሙስ ተማሪዎቿን ይዛ በቀጥታ ወደ ጓሮው ሄደች።

«ወንድምጋሼ፣ የምታቃጥለውን አሳያቸው እስቲ።»

«ምኑን ላሳያቸው? ግማሹ ካርቶንና ላስቲክ ነው። በሽተኛ ያልነካውን ሁሉ ወደ እኔ ትልኩታላችሁ፤ እኔም በሳንባዬ እቀበላችኋለሁ» አለና እንደ ልማዱ ሳለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በልምምድ ክፍሉ አንድ ሕግ ወጣ። የጎማ በሽተኛ ደም ስለሌለው ቆሻሻውን በእጅ መፈተሽ አያሰጋም፤ ስለዚህ የየልምምዱ ቅርጫት ሳይመዘንና ተዘርግፎ ሳይታይ አይደፋም።

የመጨረሻው ሐሙስ ደረሰ። ሰብሳቢው በቀዶ ሕክምና አርባ ዓመት የሠሩ ፕሮፌሰር ናቸው፤ እሷንም በነርስነቷ ዘመን ያውቋታል። ገና ከበሩ ጀመሯት።

«አንቺ ልጅ፣ ምድር ታመመች እያልሽ ነው አሉ። ለመሆኑ የልብ ምቷን በየት በኩል ነው የምትለኪው?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሷ ሳምንት ሙሉ ያጠናችው ንግግር እንደ ወፍ በረረባት። ወደ አንዱ የጎማ በሽተኛ ጠቆመችና «እርስዎ እያሉ እኔ ምን ብዬ እለካለሁ ፕሮፌሰር? ይልቅ መጀመሪያ ይህን ቁስል ያሽጉልን» አለች።

አሸጉት። ያን የመሰለ እጅ ተማሪዎቹ አይተው አያውቁም፤ ትንፋሻቸውን ውጠው ተመለከቱ። ሲጨርሱ ግን፣ አርባ ዓመት እንደ ኖሩበት፣ የተረፈውን ሁሉ፣ ጎዝ የሚባለውን የቁስል ጨርቅ ከነመጠቅለያ ወረቀቱ፣ በክንዳቸው ጠርገው ወደ ቢጫው ቅርጫት ከተቱት። ቢጫው ደምና መግል ለነካው ብቻ ነው፤ በቀጥታም ወደ ምድጃው ይሄዳል።

እትዬ ጓንት የቅርጫቱን ከረጢት መዝና ለአንዲት ዝምተኛ ተማሪ ሰጠቻት። ልጅቱ ዘረገፈችው፤ አየችው፤ ፊቷ ቀላ።

«ንገሪያቸው የኔ ልጅ።»

«ይቅርታ ፕሮፌሰር… አምስቱ ጎዝ ቁስሉን አላዩትም።»

«አላዩትም?»

«እንደ ታጠፉ ናቸው። ወረቀቱንም… ማንም በሽተኛ አልነካውም።»

«በቃ፣ አበቃልኝ» አለች እትዬ ጓንት በልቧ፤ «ትልቅ ሰው በልጆች ፊት አዋረድሁ።» በዚህ መሐል በሩ ላይ ሳል ተሰማ። የዕለቱን ከረጢት ሊወስድ የመጣው ወንድሟ ነበር። የተዘረገፈውን አየና ፊቱ በራ።

«እንዴ! ይህን አጣጣል እኮ አውቀዋለሁ! ከቀዶ ሕክምና ክፍል ዐሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ታጭቆ ይመጣልኛል። እርስዎ ኖረዋል ለካ ጌታዬ? እንኳን በአካል ተዋወቅን!»

የፕሮፌሰሩ ሳቅ ከሆዳቸው ፈነዳ፤ መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ዓይን ለራሱ ባዳ ነው» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። ቀጥለው ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ፤ እንደ አንደኛ ዓመት ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

«እትዬ ጓንት፣ ልድገመው?»

ደገሙት። በዚህኛው ዙር ሦስት ጎዝ ብቻ አወጡ፤ ወረቀቱን ለብቻው ለዩ፤ አንዴም ሊሳሳቱ ሲሉ ያቺ ዝምተኛ ልጅ «ፕሮፌሰር!» ብላ እጃቸውን ያዘች። ቢጫው ከረጢት ሲመዘን ከመጀመሪያው ሲሶ አይሞላም። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ፕሮፌሰሩ የግምገማ ቅጹን እዚያው በጎማው በሽተኛ ሆድ ላይ ዘርግተው ጻፉበት፦ «ትምህርቱ ይቀጥል። የሐኪሞች፣ የአዋላጆችና የፋርማሲ ተማሪዎችም ይውሰዱት። የቀዶ ሕክምና መምህራንም፣ እኔን ጨምሮ።»

«ሥራ ልታስፈቱኝ ነዋ!» አለ ወንድምጋሼ ቀላሏን ከረጢት በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ።

«ከሳልህ ላፋታህ ነው እንጂ!» አለችው።

ዛሬ ሆስፒታሉም ቆሻሻውን ስለሚለይ ምድጃው የሚነደው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ወንድሟ ምድጃው በማይነድበት ሐሙስ ሐሙስ ትምህርቱን ሲያግዝ ይውላል፤ በተማሪዎቹ ይቀልዳል፤ የሚስለውም አልፎ አልፎ ነው። እሷ በምታስተምርበት ክፍል በር ላይ ግን ዛሬም የተጻፈው «ረዳት» የሚል ነው። ይህች ሴት መምህርት መባል ይገባታል።