ሰባት ወንበር፣ አንድ ጉልበት

ሰፊ መኪና ለቤተሰብ ምቾት ነው ይላሉ። አይደለም። ሰፊ መኪና ለቤተሰብ የሚመቸው ቤተሰቡ ብቻውን በምድር ላይ ቢኖር ነበር። እኛ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ፣ በሩ ቀኑን ሙሉ ገርበብ ብሎ በሚውል ግቢ ውስጥ ነው። በእኛ ሰፈር ባዶ ወንበር የሚባል ነገር የለም። ባዶ የመሰለ ወንበር ሁሉ ገና መንገድ ላይ ያለ ሰው አለው።

እኔ ያለችኝ መኪና ትንሽ ናት። ሃይብሪድ ናት፤ ግማሽ በባትሪ፣ ግማሽ በቤንዚን የምትሄድ፣ ከፊት ስትታይ ዘወትር በሆነ ነገር የተገረመች የምትመስል። ከአራት ዓመት በፊት ከባለቤቴ ጋር ስንገዛት ከቤንዚን ሰልፍ ትገላግለናለች ብለን ነበር። ሰልፉ አልቀረም፤ የምንሰለፍበት ቀን ግን ተራራቀ። ይህም ቀላል አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ግን የወደድሁላት ትንሽነቷን ነው። ሠርግ ሲሆን፣ ክርስትና ሲሆን፣ አንዱ ዘመድ ከሌላው ዘመድ ቤት እህል ሲያስጭን፣ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ «ቦታ የለም እኮ» እላለሁ። ስለ ነፃነት ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። እንደዚህች ሦስት ቃል ነፃ ያወጣኝ አንድም የለም።

ችግሩ የእናቴ ጉልበት ነው።

እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች። የቀኝ ጉልበቷ እንደ ልብ መታጠፍ ካቆመ ሁለት ዓመት አለፈው። ባጃጅ ውስጥ አትገባም፤ እግሯ ውጭ ይቀራል። በእኔ መኪና ከፊት ነው የምትቀመጠው፤ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ እግሯ ተዘርግቶ። ያኔ ከእሷ ጀርባ ከዘንቢል በቀር ምንም አይገባም። ከእኔ በኩል ባለው የኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን ሰዎች ተጣብበው ሊቀመጡ ይችላሉ። እናቴ ቀጭን ወዳጅ የላትም።

ስለዚህ ሁለታችን ብቻ እንሄዳለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር እወስዳታለሁ፤ ሐኪሙ ሜዳ ላይ ትንሽ ትራመድ ስላለ። አንድ ዋርካ ሥር ታርፋለች፤ ጀልባዎች ወደ ዘጌ ሲሄዱ ታያለች፤ እንመለሳለን። መኪናዋ በባትሪ ስትሄድ ድምፅ የላትም። እናቴም አትናገርም። እኔ ይህን ዝምታ ሰላም ነው ብዬ ነበር የያዝሁት። እንዲያውም ከጉልበቷ መታመም የተገኘ በጎ ነገር ቢኖር ይህ ነው እል ነበር፤ እናትና ልጅ፣ ሐይቅና ጸጥታ።

ባለቤቴ ግን በሰፊ እንለውጣት ማለት ጀመረ። ባለቤቴ ቀያሽ ነው፤ በሜትር ያልለካውን ነገር አያምንም። አንድ እሑድ ከሰዓት እናቴ በረንዳ ላይ እግሯን ዘርግታ እንደ ተቀመጠች ሜትሩን ይዞ መጣና ከዳሌዋ እስከ ተረከዟ ለካት።

እናቴ ሜትሩን አየችና «ልጄ፣ ሣጥን ልታሠራልኝ ነው?» አለችው።

«ኧረ እማማ፣ ለመኪና ነው።»

«እሱም ያው ሣጥን ነው። ጎማ አለው እንጂ።»

እንዲህ እየተቀለደ ነገሩ ደላላ ዘንድ ደረሰ። ደላላው ሰባት ሰው የምትይዝ መኪና አገኘልን፤ ከፊት ሁለት፣ መሃል ሦስት፣ ከኋላ ሁለት። የእኛን ትንሽ መኪና የሚፈልግ ሰው አለኝ፣ ጨምራችሁ ትለውጣላችሁ አለ። ደጅ አምጥቶ አቆማትና በሮቿን ሁሉ ከፈታቸው፤ ክንፏን ልታደርቅ የቆመች የውሃ ወፍ መሰለች።

«እህቴ፣ ይች መኪና ቤት ማለት ናት» አለኝ።

«ቤት አለኝ» አልሁት።

«የሚሄድ ቤት ግን የለዎትም።»

መልስ አጣሁለት። መልስ ማጣት አልወድም፤ ስለዚህ እንደማልገዛት ወሰንሁ። በማግሥቱ ደግሞ እንደምገዛት ወሰንሁ። ሳምንቱ እንዲህ አለፈ። ደላላው ሲሰለቸው «እንግዲያው አንድ ቀን ይንዷትና ይሞክሯት፤ ሰኞ መልስዎን ይንገሩኝ» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

በዚያው ሰሞን የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ጢስ ዓባይ ላይ ወንድሟ ሞተባት። እናቴ ወሬውን የሰማች ዕለት «ለቅሶ ሳልደርሳት በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለች። አጋጣሚው ደስ አለኝ። እሷን ከፊት ወንበር ላይ እግሯን አስዘርግቼ፣ ወዳጆቿን ከኋላ ደርድሬ እወስዳለሁ፤ ሰፊዋን መኪናም በዚያው እፈትናለሁ አልሁ። ወዳጆቿ ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ጉልበታቸው ከእሷ ይሻላል። አንዲት መነኩሲት ጎረቤታችንም እንደሚሄዱ አውቅ ነበር። ቆጠርሁ። አንድ ወንበር ይተርፋል።

ጠዋት በሩን ስከፍት የተረፈው ወንበር ባለቤት ቆማለች። ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ ከቆላ ድባ ባሏን ተከትላ የመጣች፣ ገና አርባ ዓመት ያልሞላት፣ ከሁላችንም ጤነኛ። ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች።

«ሟቹን ባላውቀውም ለቅሶው የእማማ ነው ብዬ» አለችኝ።

«ቦታ የለም» ልላት አፌን ከፈትሁ። ከኋላዬ አምስት በር ተከፍቶ ቆሟል። አፌን ዘጋሁ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር ባለቤቴ በሜትር ሊለካው አይችልም። እናቴ ወደ ፊተኛው በር ሄደች፤ እጄን ሰጠኋት፤ ልትገባ ነው ስል ዘወር አለች።

«እማሆይ፣ እርስዎ ይግቡ።»

«ኧረ እኔ አልገባም። አንቺ እግርሽን ያምሽ የለም ወይ?» አሉ መነኩሲቷ።

«እርስዎን ከኋላ አስቀምጬ እኔ ከፊት ልንሰራፋ? ሰው ምን ይለኛል?»

«የትኛው ሰው ነው ደግሞ የሚያይሽ?»

«መንገዱ ሁሉ ሰው ነው እማሆይ። ይግቡልኝ።»

እማሆይ ገቡ። እናቴ ወደ መሃለኛው ረድፍ ተሻገረች። እዚያ ደግሞ ሁለቱ ወዳጆቿ ቆመው እርስ በርስ ይገባበዛሉ፤ አንዷ አስም አለባት፣ አንዷ ወገቧን ታማለች። እናቴ ሁለቱንም እየገፋች አስገባቻቸው። መሃል ላይ አንድ ወንበር ቀረ። የቆላ ድባዋ የኋላውን ወንበር አይታ «እኔ እዚያ እገባለሁ፤ ልጅ ነኝ» አለች። ትክክለኛ ሰው፣ ትክክለኛ ወንበር። እግዜር ይስጥሽ ልላት ነበር።

እናቴ ክንዷን ያዘቻት። «የት ነው የምትገቢው አንቺ? እንግዳ ከኋላ ይቀመጣል?»

«እማማ፣ እዚህ ሰፈር እኮ ሦስት ዓመቴ ነው።»

«ሦስት ዓመት ምን አላት? ግቢ መሃል፣ ዳቦውንም እንዳይሰበር አጥብቀሽ ያዥ።»

ይህን ብላ፣ እኔ ዞሬ እስክመጣ እንኳ ሳትጠብቅ፣ በጎን ገብታ፣ ያን የማይታጠፍ ጉልበት እንደምንም አጥፋ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ድሮ ጠላ ትሸጥ የነበረችው ሦስተኛዋ ወዳጇ ተከትላ ከጎኗ ገባች። የመሃለኛው ወንበር ተመልሶ ሲዘጋ እናቴ ከዓይኔ ጠፋች።

«እማዬ፣ ውጪ። ይችን መኪና ያመጣኋት ላንቺ ነው» አልኋት።

«አመጣሽልኝ፤ ገባሁባት። ንጂ በቃ።»

ነዳሁ። በመስተዋቱ የሚታየኝ ግንባሯና የነጠላዋ ጥለት ብቻ ነው። እኔ ጎን እማሆይ እጃቸውን አጣምረው ያንቀላፋሉ፤ እግራቸው አጭር ስለሆነ ከፊታቸው አንድ ሌላ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ተርፏል። መንገዱ ቦታ ቦታ ላይ ኮረኮንች ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በእናቴ ጉልበት በኩል አልፎ እኔ ጋ የሚደርስ መሰለኝ። በልቤ ደላላውን ሰደብሁት፤ ባለቤቴን ሰደብሁት፤ ከዚያም፣ ሰው ወንበር ሲገባበዝ እንዴት ያለ መልካም ጠባይ ነው የሚሉትን ሁሉ ሰደብሁ።

ከዚያ ከኋላ ሳቅ ሰማሁ።

በመጀመሪያ ማን እንደሆነ አላወቅሁም። የዚች መኪና ሞተር ይጮኻል፤ የሚያወሩት አይሰማም፣ ሳቁ ብቻ ነው የሚሰማው። የጠላ ሻጭዋ ነው ብዬ ነበር። በመስተዋቱ ሳይ ግን ነጠላውን አፏ ላይ አድርጋ የምትንቀጠቀጠው እናቴ ናት። የቆላ ድባዋ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞራ፣ ዳቦውን ረስታ፣ «እና ከዚያስ እማማ?» ትላለች። እናቴ ትቀጥላለች። አስም ያለባት እያሳለች ትስቃለች። እናቴ እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነኝ ላስታውስ ሞከርሁ፤ አቃተኝ። ምን እያለች እንደምታስቃቸውም እስከ ዛሬ አላውቅም።

የለቅሶው ድንኳን በሩቅ ሲታይ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። ስድስቱም ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ወርደን ሁለት እርምጃ ሳንሄድ ሁሉም ያለቅሱ ነበር፤ ከልባቸው። እናቴ በሁለት ሰው ተደግፋ፣ እያነከሰች ሄዳ ጓደኛዋ አንገት ላይ ወደቀች።

ማታ ቤት ስንገባ ጉልበቷ ዳቦ አክሏል። ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረደችም። ጨው ባለው ለብ ያለ ውሃ ጨርቅ እየነከርሁ ስይዝላት ሳልናገር ቀርቼ አላውቅም፤ ማን ግቢ አለሽ፣ ያች ጤነኛ ሴትዮ ቆማ፣ ይህን ያህል ምን አስለፋሽ።

«ያበጠው የእኔ ጉልበት ነው። አንቺ ፊትሽን ምን አሳበጠብሽ?» አለችኝ።

ባለቤቴ ሜትሩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «አንድ ያልለካሁት ነገር አለ ማለት ነው» አለ። ለእሱ ይህ ትልቅ ሽንፈት ነው።

እኔ ግን ግራ ገባኝ። በትንሿ መኪና እናቴ የራሷ ወንበር አላት፤ ማንም ስለማይገባ ለማንም አትለቀውም። በሰፊዋ ሰባት ወንበር አለ፤ የእሷ የሚሆን አንድም የለም። በትንሿ ጉልበቷ ሰላም ነው። በሰፊዋ ሳቀች። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ ብዙ ቀን አየኋቸው፤ አልደመር አሉኝ። እማዬ ከፊት ትቀመጥ ብዬ ልደንግግ? ደጄ ላይ መነኩሲት መመለስ ሊኖርብኝ ነው። መሃል ትሁን? መሃሉንም ትለቀዋለች። ሚኒባስ ልኮናተር? እሱም ያው ወንበር ነው፤ የምትለቀው ሰው ብቻ ነው የሚበዛላት። ለእናቴ ወንበር መያዝ ይቻላል። እሷን ወንበሩ ላይ ማቆየት አይቻልም።

ደላላው ሰኞ ደወለ። እናቴን አሟታል፣ ሳምንት ስጠኝ አልሁት።

ቅዳሜ የጉልበቷ እብጠት ጎደለላትና እንደ ወትሮው በትንሿ መኪና ወደ ጣና ወሰድኋት። አደባባዩ ላይ ባጃጅና ብስክሌት ሲያልፍ ቆምን፤ ሞተሩ እንደ ልማዱ ራሱን አጠፋ።

«ጠፋብሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ አልጠፋችም። እንዲህ ነው አሠራሯ።»

አራት ዓመት ሙሉ ይህን ጠይቃኛለች፤ አራት ዓመት ሙሉ ይህንኑ መልሻለሁ። ያን ዕለት ግን አንድ ነገር ልብ አልሁ። መንገድ ላይ ሌላ የምትናገረው ነገር የላትም። እኔም የለኝም። ሰላም ያልሁት ዝምታ እሷ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚባል ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ዋርካው ሥር ተቀምጣ ጠየቅኋት። «እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። መኪናዋን ልለውጣት ወይስ ልተዋት?»

«መኪናው ያንቺ ነው። እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ከፊት ስትቀመጪ አይመችሽም?»

«ይመቸኛል።»

«ታዲያ?»

አንድ ጀልባ ዞሮ እስኪጠፋ ጠበቀች። «ከፊት ሆኜ የማየው መንገድ ነው። መንገድ ምን ያወራኛል?» አለች። ቀጥላም፣ ቅር እንዳይለኝ ብላ መሰለኝ፣ «አንቺም የምታነቢ ሰው ነሽ፤ ዝምታ ትወጃለሽ» አለችኝ።

ማታውን ለደላላው ደወልሁ።

ትንሿን መኪና ነገ አስረክባለሁ። ትክክል ልሥራ ልሳሳት አላውቅም። «ቦታ የለም እኮ» የምትለዋን ሦስት ቃልም አብሬ እንደማስረክብ አውቃለሁ፤ ከአሁን በኋላ የሠርጉም የእህሉም ጭነት እኔ ዘንድ ነው። ምናልባት ከወር በኋላ ተቆጭቼ ሌላ ነገር እጽፍ ይሆናል። የእናቴን ጠባይ መለወጥ አልችልም፤ የሰባ ዓመት ጠባይ ነው። ስለዚህ የምለምነው እናንተን ነው። ጉልበታችሁ የሚታጠፍ ሁሉ፣ ሰው ይዞ የሚሄድ መኪና በር ላይ ስትደርሱ አትግደርደሩ፤ «እርስዎ ይቅደሙ» አትበሉ፤ ማንም ክንዳችሁን ሳይዝ ቀድማችሁ ገብታችሁ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እዚያ ሆናችሁም ጮክ ብላችሁ አውሩ፤ መሃል ላይ የተቀመጠችው፣ ጉልበቷ የማይታጠፈው ሴትዮ እንድትሰማችሁ።