ጉድመንድ በስዊድኖቹ ወንበር

ጎረቤቴ ጉድመንድ ሃውገን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ሚስቱን ስቬያን በስዊድኖቹ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከመኪና ያወርድና፣ እሱ መንገዱን ተሻግሮ ወደ እኛ ወደ ኖርዌጂያኖቹ ይመጣ ነበር። የኛን ደወል የሚደውለው እሱ ነበር። ሁለቱም ቤቶች ሉተራን ናቸው። አያቶቻችን ባሕር ተሻግረው ወደ አሜሪካ ሲመጡ በቋንቋ ተለያይተው ሠሯቸው፤ እኛ በእንግሊዝኛ መጸለይ ከጀመርን በኋላም እንደተለያየን ቀረን።

እ.ኤ.አ. በ1962 ግን የሰሜን ዳኮታ ወጣት ወደ ከተማ እየፈለሰ አልቆ፣ ለሁለታችን አንድ ፓስተር ብቻ ቀረ። እንዋሐድ ተባለ። የአዲሱን ቤተ ክርስቲያን ስም ለመምረጥ ብቻ አራት ጊዜ ተሰበሰብን። መጨረሻ ላይ «ሰላም ይባል» ሲሉ ስቬያ፣ «ይሄን ሁሉ ተነካክሰን?» ብላ ሰዉን አሳቀችው። የኛ ጣሪያ ስለሚያፈስ የስዊድኖቹ ቤት ተመረጠ።

በመጀመሪያው እሑድ ጉድመንድ ከሚስቱ ጎን ተቀመጠ። ወዲያው ተነሣ። የማሞቂያውን ምድጃ ልይ ብሎ ወጣ፤ ተመለሰ፤ መስኮት ከፈተ፤ መልሶ ዘጋ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉንዳን ገባብህ እንዴ?» አለችው ስቬያ በሹክሹክታ።

«ወንበሩ ይቆረቁራል።»

«እኔን እስከ ዛሬ አልቆረቆረኝም።»

«አንቺማ ስዊድን ነሽ፣ ምን ይቆረቁርሻል!»

መዝሙር ተጀመረ። የስቬያ ድምፅ ከሁሉ በላይ ወጣ፤ የኛ ወገን በሙሉ ዞሮ አያት። ቤት ውስጥ ዘምራ አታውቅም ነበርና ጉድመንድ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ስንወጣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«መንገዱን ብትሻገር ትሰማ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ጭራሽ ባሰበት። በአጨዳ መሀል ትራክተሩን አቁሞ ወደ ሁለቱ የመቃብር ቦታዎች ሲመላለስ አየው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ቢዋሐድም መቃብሮቹ አልተዋሐዱም፤ የሱ ቦታ ከእናቱ አጠገብ፣ የሷ ከወላጆቿ አጠገብ ነበር። አንድ ቀን አጥሬን ተደግፎ እንዲህ አለኝ፦

«ቦርጊልድ፣ ያን ሁሉ ዓመት ድምፅዋን ሳልሰማ ኖርኩ። ሞቼም ልለያት ነው?»

«እና ምን ልታደርግ?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። መቀመጫ አጣሁ።»

በረዶው ሳይጥል ከስዊድኖቹ መቃብር፣ ለስቬያ ከተያዘው ቦታ ጎን፣ ለራሱ ቦታ አስያዘ። ወንድሙ አርንፊን «እናታችንን ብቻዋን ልትተዋት?» ብሎ አኮረፈው፤ እስከ መጨረሻውም አላናገረውም።

ጉድመንድ ከዚያ በሰባተኛው ዓመት ሞተ። ስቬያ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆማ ዘመረችለት። አርንፊን መጥቶ ነበር፤ ግን ከአጥሩ ውጭ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ቆመ። መዝሙሩ ሲያልቅ ገባ፤ ማንንም ሳያይ አካፋውን ከቀባሪው እጅ ተቀበለና አፈሩን ይመልስ ጀመር።